ባቡር የማይሳፈሩ ሰዎች፦ ካይሮ ፊቷን ያዞረችበት ፊልም

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1958 በካይሮ ሲኒማ ቤቶች አንድ አዲስ ፊልም መታየት ጀመረ። ርዕሱ «ባብ አል-ሐዲድ» ነው። ለካይሮ ሰው ይህ ስም ማብራሪያ አያሻውም ነበር፤ የከተማዋ ዋና ባቡር ጣቢያ በዚሁ ስም ይጠራ ነበርና። ቃል በቃል «የብረት በር» ማለት ሲሆን፣ በአካባቢው ከነበረ አሮጌ የከተማ በር የወረደ ስም ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን ርዕሱን ሰምቶ «የሐዲድ በር» ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም። ዐረቦች ማንኛውንም ብረት የሚጠሩበትን ቃል አማርኛ ባቡር ለሚሄድበት ብረት ብቻ ለይቶ ሰጥቶታል፤ «ባቡር» የሚለውም ቃል ራሱ በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው።

ተዋንያኑም ቢሆኑ ብዙ ማስታወቂያ የሚሹ አልነበሩም። ፈሪድ ሸውቂ በዚያ ዘመን የግብፅ ሲኒማ ጉልበተኛ ጀግና ነበር፤ ግፉን ታግሦ ታግሦ በመጨረሻ ቡጢውን የሚያነሣ ሰው። «የተርሶ ንጉሥ» ይሉት ነበር። ተርሶ ከጣልያንኛ የተወሰደ ቃል ሲሆን በሲኒማ ቤት ውስጥ ሦስተኛው ማዕርግ፣ ማለትም ርካሹ መቀመጫ ነው። ከዚያ መቀመጫ የሚያጨበጭበው ድኻ የፈሪድ ሸውቂ ሕዝብ ነበር። ሂንድ ሩስቱም ደግሞ «የምሥራቋ ማሪሊን ሞንሮ» የሚል ስም የወጣላት፣ በውበቷና በድፍረቷ አዳራሽ የምትሞላ ተዋናይት ነበረች። ሁለቱ በአንድ ፊልም ላይ ከተሰለፉ ተመልካቹ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፦ ፍቅር፣ ጭፈራ፣ ድብድብ፣ ማሳረጊያው ላይ ሠርግ።

የጠበቀው ግን ሌላ ነው። የፊልሙ መካከል ላይ የቆመው ጉልበተኛው ሸውቂ ሳይሆን አንድ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ፣ ልብሱ ያደፈ፣ ሴቶችን ከሩቅ ተደብቆ የሚያይ ጋዜጣ አዟሪ ነው። ያንን አዟሪ የተጫወተው የፊልሙ ዳይሬክተር ዩሱፍ ሻሂን ራሱ ነበር። ሻሂን በኋለኞቹ ዓመታት እንደተረከው፣ ፊልሙ በተከፈተበት ዕለት አንድ ተመልካች ፊቱ ላይ ተፍቶበታል፤ የግብፅን መልክ አጠለሸህ ብሎ። «ባብ አል-ሐዲድ» በገበያ ወደቀ፤ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህልም በገዛ አገሩ ከዓይን ራቀ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዱባይ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ምርጥ 100 የዐረብ ፊልሞችን ሲያስመርጥ ግን ይኸው የተተፋበት ፊልም ሁለተኛ ሆኖ ተገኘ።

እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲነገር «ሕዝቡ አልገባውም፤ ጊዜ ግን ፈረደ» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ይህ አባባል ግን ለተርሶ ተመልካች ንቀት ነው፤ ፊልሙንም አያስረዳም። ምናልባት ያ ተመልካች የገባው ከማንም በላይ ሊሆን ይችላል። ምን አይቶ ፊቱን እንዳዞረ ለማወቅ ፊልሙ ወደማይወጣበት ቦታ፣ ወደ ጣቢያው መግባት ያስፈልጋል።

ከእስክንድርያ ካይሮ የሚደርሰው የባቡር መስመር በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በሮበርት ስቲቨንሰን መሪነት በ1850ዎቹ ሲዘረጋ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ የካይሮ ጣቢያ ሰውና ዕቃ የሚጫንበት ብቻ ሳይሆን አገሪቱ ራሷን የምታሳይበት መድረክ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1923 ሁዳ ሸዕራዊ ሮም ላይ ከተደረገ የሴቶች ጉባኤ ስትመለስ የፊቷን መሸፈኛ የገለጠችው በዚህ ጣቢያ ነው፤ ያ ድርጊት በግብፅ ሴቶች ታሪክ ውስጥ እንደ አንድ ምዕራፍ መክፈቻ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ የጋማል ዐብዱል ናስር መንግሥት ግዙፉን የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ከጥንታዊቷ ሜምፊስ አስመጥቶ ጣቢያው ፊት ለፊት አቆመው። ከየክፍለ አገሩ በባቡር የሚመጣ ገበሬ ዋና ከተማው ላይ እግሩን ሲያሳርፍ መጀመሪያ የሚያየው ፈርዖን ሆነ። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ጥንታዊ ክብር ተመልሷል፤ አገር ቀና ብላ ቆማለች።

የሻሂን ካሜራ ከዚህ መድረክ ጀርባ ነው የገባው። ፊልሙ ከ80 ደቂቃ አይበልጥም፤ ታሪኩም ከጥቂት ትዕይንቶች በቀር ከጣቢያው ቅጥር አይወጣም። የተቀረጸው በአመዛኙ በእውነተኛው ጣቢያ ውስጥ፣ በእውነተኛ ባቡሮች መካከል ነው። የካሜራ ባለሙያው አልቪዜ ኦርፋኔሊ የእስክንድርያ ጣልያናዊ ሲሆን ከግብፅ ሲኒማ ቀደምት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ታሪኩን የጻፈው ዐብዱልሐይ አዲብ ነው። መጋዘኑ፣ የቆሙት ፉርጎዎች፣ የሐዲዱ መገናኛ፣ የጋዜጣ መደብሩ፣ የውኃ ቧንቧው፣ ሁሉም በቅርብ ይታያሉ። ፊልሙ ሲያልቅ ተመልካች የጣቢያውን መግቢያና መውጫ እንደ ሠፈሩ ያውቀዋል።

በመክፈቻው የምንሰማው የመድቡሊን ድምፅ ነው። መድቡሊ የጋዜጣ መደብሩ ባለቤት የሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም «ዐም መድቡሊ» ይሏቸዋል፣ በእኛ «ጋሽ» እንደማለት ነው። በጣቢያው ውስጥ ወድቆ ያገኙትን አንድ አካል ጉዳተኛ አንሥተው ጋዜጣ እንዲያዞር ሥራ የሰጡት እሳቸው ናቸው። የልጁ ስም ቂናዊ ይባላል። ይህ ስም የላይኛው ግብፅ ከተማ የሆነችው የቄና ሰው ማለት ነው፤ «ወሎዬው»፣ «ጎጃሜው» ተብሎ የመጣበት አገር ስሙ ሆኖ የቀረ ሰው ስንቱ ነው! ቂናዊ የሚያድረው ሐዲዱ ዳር ባለች ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ነው። የጎጆዋ ግድግዳ ከመጽሔት ተቆርጠው በተለጠፉ የሴት ሥዕሎች ተሸፍኗል።

ቂናዊ ሃኑማን ይወዳል። ሃኑማ ከጓደኞቿ ጋር ባልዲ ተሸክማ በየፉርጎው መስኮት ለስላሳ መጠጥ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ፈቃድ ስለሌላት ፖሊስ ባየች ቁጥር ትሮጣለች። ሂንድ ሩስቱም ይህችን ሴት የተጫወተችው የተለመደውን የቁንጅና ወግ ትታ ነው፤ ሃኑማ ትጮኻለች፣ ትሳደባለች፣ ትስቃለች፣ ከባቡር ባቡር ትዘላለች። ዓይኗ ያረፈው በአቡ ስሪዕ ላይ ነው፤ ሊጋቡም ተቃርበዋል። አቡ ስሪዕ፣ ማለትም ፈሪድ ሸውቂ፣ በጣቢያው ኩሊ ነው። ኩሊዎቹ በአንድ አለቃ ሥር ተጨቁነው የሚኖሩ ናቸውና እሱ የሠራተኛ ማኅበር ሊያቋቁምላቸው ደፋ ቀና ይላል።

ቂናዊ ለሃኑማ የእናቱን የአንገት ሐብል አቅርቦ አግቢኝ ይላታል፤ ወደ አገሩ ተመልሰው የሚኖሩትን ኑሮ ይስልላታል። እሷ ትስቃለች። ሳቋ ክፋት የለበትም፤ ይህ ሰው ከልቡ ሊሆን ይችላል ብላ ጨርሶ ስለማታስብ ነው። በዚያው ሰሞን ጋዜጦቹ አንዲት ሴት ተገድላ ሬሳዋ በሳጥን ውስጥ ስለመገኘቱ ይጽፋሉ፤ በጣቢያውም ወሬው ይህ ብቻ ነው። ቂናዊ ወሬውን ያዳምጣል። ከዚያ ቢላዋ ይገዛል።

ከዚህ በኋላ ፊልሙ ልብ አንጠልጣይ ይሆናል፤ አንጠልጣይነቱ የሚሠራበት መንገድ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። በአንድ ቦታ የሚያልቁ የዚህ ዓይነት ፊልሞች ብዙውን ጊዜ በር ይዘጋሉ። ሰዎቹ በክፍል፣ በጀልባ፣ በሚሄድ ባቡር ውስጥ ይታሰራሉ፤ መውጣት አለመቻላቸው ነው የሚያስፈራን። «ባብ አል-ሐዲድ» ተቃራኒውን ያደርጋል። ቦታው በየደቂቃው የሚከፈት በር ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይሄዳል። የማይሄዱት የሚሠሩት ብቻ ናቸው። ኩሊው የሌላውን ሻንጣ ባቡሩ ላይ ጭኖ ይወርዳል፤ ሃኑማ ባቡሩ እስኪነቃነቅ ሸጣ ትዘላለች፤ ቂናዊ የተጓዡን ጋዜጣ አድርሶ ይመለሳል። ሁሉም ከባቡር ይኖራሉ፤ ባቡር ግን አይሳፈሩም።

ስለዚህ በዚህ ፊልም ውስጥ አደጋው የሚመጣው በሩ ስለተዘጋ ሳይሆን አንድ ሰው በበሩ ሊወጣ ስለሆነ ነው። ሃኑማ ልታገባ ነው፤ የሙሽራ ዕቃዋ በሳጥን ታሽጎ በባቡር ሊላክ ነው። ከማይሄዱት መካከል አንዷ ልትሄድ መሆኑን ቂናዊ ሲያውቅ ነው ቢላዋው የሚወጣው። የእንጨት ሳጥኑ በጋዜጣው ላይ የሬሳ መያዣ፣ በሃኑማ ሕይወት የኑሮ መጀመሪያ ነው፤ ቂናዊ ሁለቱን አንድ ሊያደርጋቸው ይነሣል። በጨለማው መጋዘን ውስጥ ግን የሚወጋው ሃኑማን ሳይሆን ጓደኛዋን ሐላዋትሁምን ነው። ተሳስቶ የወጋትን ሴት ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ያሽጋል፤ ሳጥኑን ተሸክሞ ባቡሩ ላይ እንዲጭን የሚደረገው ደግሞ ምንም የማያውቀው ባላንጣው አቡ ስሪዕ ነው። ከዚያ ወዲያ የተመልካች ልብ የሚመታው በባቡሩ መነሻ ሰዓት ነው። ጭንቀቱን ለመፍጠር ሻሂን ከጣቢያው የዕለት ሥራ ውጪ ምንም ነገር አላስፈለገውም፤ ሳጥን፣ ኩሊ፣ የመነሻ ሰዓት።

ይህ ሁሉ ጥሩ የእጅ ሥራ ነው። ተመልካቹን ያስቆጣው ግን ሌላ ነገር ይመስላል፤ ፊልሙ ስለ ማየት የሚናገረው ነገር።

ከአራት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ አልፍሬድ ሂችኮክ «ሪር ዊንዶው» በተባለው ፊልሙ እግሩን ተሰብሮ የተቀመጠ ሰው ጎረቤቶቹን በመስኮት ሲያይ አሳይቶ ነበር። እዚያ የሚያየው ሰው ጀግና ነው፤ ማየቱ ወንጀል ያጋልጣል፤ ተመልካቹም ከእሱ ጋር ማየቱን ይወደዋል። ሻሂን ግን እግሩን የሚጎትተውን ተመልካች ወንጀለኛው አደረገው። በፊልሙ ውስጥ ያለማቋረጥ የምናየው የቂናዊን ዓይን ነው። ዓይኑ ስክሪኑን ሲሞላ ይታያል፤ ከዚያም የሚያየውን እናያለን። ሃኑማ በቆመ ፉርጎ ውስጥ ከወጣት ሙዚቀኞች ጋር ለስላሳ እየሸጠች ስትጨፍር፣ እሱ ከውጭ በመስኮት ቆሞ በደስታ ያያል። ያ ትዕይንት በግብፅ ሲኒማ የተለመደው የጭፈራ ትዕይንት ነው፤ ተመልካቹ ገንዘቡን የከፈለበት። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፦ መስኮቱ ላይ ቂናዊ ቆሟል፤ እኛም ከእሱ ጎን ቆመናል።

አቡ ስሪዕ ስለ ጭፈራው ሰምቶ ሃኑማን መጋዘን ውስጥ ይመታታል፤ ከዚያ ይታረቃሉ። ቂናዊ ከውጭ ሆኖ ድምፃቸውን ያዳምጣል። ሻሂን ወደ ውስጥ አያስገባንም፤ ይልቁንም ባቡር ሲያልፍበት ከክብደቱ ብዛት ከፍ ዝቅ የሚለውን ሐዲድ ያሳየናል። ማየት የተከለከለ ሰው የሚያየው ብረት ብቻ ነው።

አሁን ወደዚያች ጎጆ እንመለስ። በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ከየት መጡ? ቂናዊ ከሚሸጣቸው መጽሔቶች። ሴት ገድሎ በሳጥን የመክተት ሐሳብስ ከየት መጣ? ከሚሸጣቸው ጋዜጦች። የቂናዊ ምኞትም ክፋትም የራሱ ፈጠራ አይደለም፤ ከተማዋ በሳንቲም የምትሸጠውን ዕቃ ሲያዞር ውሎ ለራሱም የገዛ ሰው ነው። ይህን የምናይበት ሲኒማ ቤት ደግሞ በሩ ላይ ምን ተለጥፏል? የሂንድ ሩስቱም ሥዕል። ተርሶ ላይ የተቀመጠው ሰው ቀኑን ኩሊ፣ አዟሪ፣ ተላላኪ ሆኖ ውሎ ማታ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ የሚወዳትን ሴት በጨለማ ሊያይ የመጣ ነው። ጎኑ አቡ ስሪዕ እንዲቀመጥለት ነበር የፈለገው። ሻሂን ግን ቂናዊን አስቀመጠበት። እንግዲህ ያ ተመልካች የተፋው ስላልገባው ነው ማለት ይቻላል?

በዚያ ዓመት አቡ ስሪዕን መፈለግ ደግሞ የአንድ ተመልካች ምርጫ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1956 ግብፅ የሱዌዝ ቦይን ወርሳ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጦር ጋር ተፋጥጣ በፖለቲካው አሸንፋ ወጥታለች። ፊልሙ በወጣ በማግሥቱ ወር፣ በፌብሩዋሪ 1958፣ ከሶርያ ጋር ተዋሕዳ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ተብላለች። አገሪቱ ደረቷን የነፋችበት ወቅት ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት ራምሴስ ከቆመበት ጣቢያ ውስጥ አንካሳ፣ ለማኝ መሳይ፣ ሴት የተራበ ሰው አውጥቶ «ይህም እኛ ነን» ማለት ከክህደት የሚቆጠር ነበር።

እዚህ ላይ ተቃራኒውን ማስረጃ መዝለል አይገባም። ፊልሙን ጥላቻ የገጠመው በፖለቲካው ሳይሆን ሰው የጠበቀውን የኮከቦች ፊልም ስላጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ከፊል እውነት አላቸው። ሸውቂ በዚህ ፊልም ውስጥ የሚጠበቅበትን ያህል አይደባደብም። የሚያደርገው ትግል ፊርማ ማሰባሰብ፣ ከአለቃ ጋር መከራከር፣ ማኅበር ማቋቋም ነው። ይህም ቢሆን በዚያ ዘመን ቀላል ጉዳይ አልነበረም። መኮንኖቹ ሥልጣን በያዙ በሳምንታት ውስጥ፣ በ1952፣ በከፍር አድ-ደዋር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሥራ ማቆም አድማ የመቱ ሠራተኞች ለወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርበው ሁለቱ ተሰቅለዋል። በ1957 ደግሞ የሠራተኛ ማኅበራቱ በመንግሥት ዓይን ሥር ባለ አንድ ፌደሬሽን ውስጥ ተሰባሰቡ። ስለዚህ አቡ ስሪዕ መንግሥት ሊቀበለው የሚችል ጀግና ነው፤ ሥርዓት ያለው፣ የተደራጀ፣ ወደፊት የሚያይ። ፊልሙ እሱን አያጣጥለውም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ያሳያል፤ ሁለቱም የማይመቹ ናቸው።

አንደኛው፣ አዲሱ ማኅበር ኩሊዎቹን ያቅፋል፤ ቂናዊን ግን ማንም አይጠራውም። ሃኑማንና ጓደኞቿንም እንዲሁ። ፈቃድ የሌለው ሻጭና አካል ጉዳተኛ አዟሪ «ሠራተኛ» በሚለው ቃል ውስጥ አልገቡም። ሁለተኛው፣ ለኩሊው መብት የሚታገለው ያው እጅ ሴቲቱን ይመታል። ሁዳ ሸዕራዊ ከ35 ዓመት በፊት በቆመችበት ጣቢያ ውስጥ ሃኑማ ከፖሊስ ትሮጣለች፣ ከእጮኛዋ ዱላ ትቀምሳለች፣ ከቂናዊ ቢላዋ ታመልጣለች። ሦስቱም ወንዶች፣ ሕግ አስከባሪውም፣ ታጋዩም፣ እብዱም፣ አንድ ነገር ነው የሚጠይቋት፦ ባለሽበት ቁሚ። የሃኑማ ሳቅና ሩጫ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ዛሬ ፊልሙን የሚያይ ሰው ሃኑማን «ራሷ ጋበዘችው» ብሎ የሚፈርድ ጎረቤት ሊያጋጥመው ይችላል፤ ይህ ፍርድ በ1958ም ነበር፣ አሁንም አልሞተም። ፊልሙ ግን ለዚህ ፍርድ መንገድ አይሰጥም። ሐላዋትሁም ምን ጋበዘች? ጨለማ ውስጥ ቆማ መገኘቷ ብቻ ነው ጥፋቷ።

የሻሂንን ችግር ይበልጥ የሚያጎላው ያው ዓመት ነው። በዚያው በ1958 ስለ አልጄሪያዊቷ ታጋይ ስለ ጀሚላ ቡሒረድ «ጀሚላ አልጄሪያዊቷ» የተሰኘ ፊልም ሠራ፤ ከዓመታት በኋላም፣ በ1963፣ ታላቁን «ሳላሕ አድ-ዲን» አቀረበ። ቅኝ ገዢን የምትጋፈጥ ጀግናና ኢየሩሳሌምን የሚያስመልስ ሱልጣን፤ ዘመኑ የሚሻው መልክ ይህ ነበር፤ ፊልሞቹም በክብር ተቀመጡ። ሁለቱንም የሠራው ያው ሰው መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ሻሂን አገሩን የሚጠላ፣ ለፈረንጅ ዓይን ጉድፍ የሚለቅም ዳይሬክተር አልነበረም። እስክንድርያ ተወልዶ፣ ካሊፎርኒያ ፓሳዲና ውስጥ ተዋናይነት ተምሮ፣ ተመልሶ በ24 ዓመቱ የመጀመሪያ ፊልሙን የሠራ፣ የሕዝብን ጭብጨባም ከልቡ የሚናፍቅ ሰው ነበር። የጀግናውን ታሪክና የቂናዊን ታሪክ ጎን ለጎን መናገር ይቻላል ብሎ አመነ፤ ሕዝቡ አንዱን ተቀበለ፣ ሌላውን መለሰለት።

በውጭ አገር ዕጣው የተለየ ነበር። «ባብ አል-ሐዲድ» በ1958 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ታየ፤ ግብፅ ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልም ውድድር የላከችው የመጀመሪያ ሥራም ይኸው ሆነ። ከአፍሪካም ሆነ ከዐረብ አገሮች ለዚህ ውድድር ፊልም ሲቀርብ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ለመጨረሻው ዙር ግን አልታጨም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1960፣ ሴትን አድብቶ የሚያይ ገዳይ በሂችኮክ «ሳይኮ» እና በማይክል ፓወል «ፒፒንግ ቶም» ወደ ምዕራቡ ሲኒማ ገባ። የፓወልን ፊልም የእንግሊዝ ጋዜጦች አብጠልጥለውት የዳይሬክተሩ ሥራ ተሰናከለ። ስለዚህ ካይሮ በዚህ ብቻዋን አይደለችም። ተመልካችን «አንተም ታያለህ» የሚል ፊልም ለንደንም ውስጥ ተወግሯል። በርሊን ውስጥ ቂናዊን በእርጋታ ማየት የቀለለው ምናልባት ቂናዊ የበርሊን ሰው ስላልነበረ ነው። የሌላ አገር ድኻ ሲታመም ማየት ትልቅ ድፍረት አይጠይቅም።

ፊልሙ ወደ አገሩ የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው። በ1967 ከእስራኤል ጋር በተደረገው ጦርነት የደረሰው ሽንፈት የጀግናውን መልክ ሰበረው፤ ግብፃውያን ራሳቸውን በሌላ ዓይን መመርመር ጀመሩ። ሻሂንም በ1979 «እስክንድርያ ለምን?» በተባለው ፊልሙ በበርሊን የብር ድብ ሽልማት ሲያገኝ፣ ቀድሞ የሠራቸውን ፊልሞች መለስ ብሎ የሚያይ ትውልድ ተነሥቶ ነበር። በ1982 «የግብፅ ተረት» በተባለው ሥራው የራሱን ሕይወት ሲተርክ ያን የ1958 ቁስል ከነበረበት አውጥቶ አሳየው። በ1997 የካን ፌስቲቫል 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለሻሂን የዕድሜ ልክ ሥራው ሽልማት ሰጠው። ሐምሌ ወር 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 2008) ካይሮ ውስጥ ሲሞት፣ ያ የወደቀው ፊልም ከሥራዎቹ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠራ ሆኖ ነበር። ራምሴስ ግን ቀድሞት ሄዷል። ሐውልቱ ከመኪና ጭስና ከመሬት ንዝረት እንዲድን ተብሎ በ2006 ከጣቢያው ፊት ተነሥቶ ወደ ጊዛ ተወስዷል። ኩሊዎቹና አዟሪዎቹ በቦታቸው ቀሩ።

የፊልሙ ማብቂያ ምሕረት የሚመስል ጭካኔ ነው። ቂናዊ ሃኑማን ሐዲዱ ላይ ይዞ ቢላዋ አንገቷ ላይ አድርጓል፤ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ከቦታል፤ የሚቀርብ ግን የለም። በመጨረሻ ዐም መድቡሊ ብቻ ቀርበው በአባት ድምፅ ያነጋግሩታል። ሃኑማን ሊድሩለት እንደሆነ፣ የሙሽራ ልብሱንም እንዳመጡለት ይነግሩታል። ቂናዊ ያምናቸዋል፤ እጁን ይዘረጋል፤ ያለበሱት ልብስ ግን እጅን አጣምሮ የሚያስር የአእምሮ ሕሙማን ልብስ ነው። ሲገባው ይጮኻል፤ ይወስዱታል። መድቡሊ ሌላ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? የሃኑማን ሕይወት አትርፈዋል። ነገር ግን በዚያ ጣቢያ ለቂናዊ በፍቅር ቃል የተነገረው አንድ ነገር ውሸት ሆነ፤ ያንን ውሸት የነገሩትም የሚወዱት ብቸኛ ሰው ናቸው። ፊልሙ ወንጀለኛውን ነፃ አያወጣም፤ ተመልካቹንም ነፃ አይለቀውም።

ከዚያ አንድ ነገር ይቀራል። ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ አንዲት ወጣት ልጅ በጣቢያው ውስጥ በየመካከሉ ትታይ ነበር፤ ከቤተሰቡ ጋር ተሳፍሮ ሊሄድ ያለን ፍቅረኛዋን ለመሰናበት ተደብቃ ትጠብቃለች። ከዋናው ታሪክ ጋር አትገናኝም፤ ማንም ስሟን አይጠራም። ቂናዊ ብቻ ነው አንድ ሁለት ጊዜ ያስተዋላት። ግርግሩ አልፎ፣ ፖሊሱም ሰዉም ሄዶ፣ ሐዲዱ ባዶ ሲሆን የመጨረሻው ምስል እሷ ናት። ባቡሩ ሄዷል፤ እሷ ቆማለች።